ጭራውን የሚቆላ ቤት

ክላይቭ ያን ዕለት ጠዋት የጎማዎቹን ንፋስ ሦስት ጊዜ ለካ። አንዴ ከቁርስ በፊት፣ አንዴ ከቁርስ በኋላ፣ ሦስተኛውን ደግሞ ሞተር አስነስቶ፣ ቀበቶውን አስሮ፣ «በይ እንሂድ» ካለ በኋላ እንደገና ወርዶ። መሪው በቀኝ ነውና እኔ በግራ ወንበር ቦርሳዬን ታቅፌ በስፖኪዮው ውስጥ ጎንበስ ቀና ሲል አየዋለሁ። የስድሳ ዘጠኝ ዓመት ሰው ነው። ከአንዱ ጎማ ወደ ሌላው ሲሄድ እጁን አንስቶ ያየዋል፤ ጣቶቹን ይዘረጋል፣ ያጥፋል፣ መልሶ ኪሱ ውስጥ ይከታል። ባሌ ይህን ነገር ከጀመረ ሁለት ወር ሆኖታል።

ከኋላችን የተያያዘው ቤታችን ነው። ተጎታች ነው እንጂ አልጋው፣ ምድጃው፣ መታጠቢያው አልጎደለም። ላንድክሩዘራችን መጎተት የሚችለው ሦስት ቶን ተኩል ብቻ ነው፤ ከዚያ አንድ ኪሎ ቢያልፍ መኪናውም ሕጉም እምቢ ይላሉ። ክላይቭ ግንቦት ላይ ከቱዉምባ ስንነሳ አስመዝኖት ሦስት ሺህ አራት መቶ አሥር ኪሎ ወጥቶ ነበር። ያን ጠዋትም በልቡ የያዘው ያንኑ ቁጥር ነው። ልኩን እንዳለፍን የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ።

ፊታችን ያለው ከሬቨንሹ ደጋ ተነስቶ፣ በሚላ ሚላ አድርጎ፣ እስከ ባሕሩ ዳር እስከ ኢኒስፌይል የሚወርደው ቁልቁለት ነበር። ኢኒስፌይል ላይ ልጃችን ሊያን በአውሮፕላን መጥታ ትጠብቀናለች። የመጣችው ለሽርሽር አይደለም፤ የመኪናውን ቁልፍ ከአባቷ ልትረከብ ነው። ራሱ ነው ደውሎ «እጄ አልታዘዝ ብሎኛል፤ ነይና ወደ ቤት ንጂልን» ያላት። ለሐሙስ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ይዛለታለች። ሃያ ስምንት ዓመት የተማሪ አውቶቡስ ነድቶ የአንድ ልጅ አፍንጫ ያላደማ ሰው፣ ከዛሬ በኋላ መሪ አልይዝም ብሎ ወስኗል።

እጁ ግን ምንም አልሆነም ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልናገር። እኔ ድንጋይ እወዳለሁ። አንዳንዱ ሰው ድመት ይወዳል፣ አንዳንዱ ቁማር፤ እኔ ድንጋይ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ መዶሻና ወንፊት ይዤ፣ ለቃሚ ሁሉ በሚፈቀድለት ሜዳ ላይ ጎንበስ ብዬ መዋል ነው ደስታዬ። ከውጭ ሲያዩት የተጣለ ድንች የሚመስል፣ ሲሰነጥቁት ውስጡ ሰማያዊና ቀይ ቀለበት የሆነ ድንጋይ አለ። እሱን አንዴ ያየ ሰው ጥሎት መሄድ አይሆንለትም።

ክላይቭ ደግሞ ኪሎ ይጠላል። ከመነሳታችን በፊት ሁለተኛውን መጥበሻ ከእጄ ነጥቆ ጋራዥ ውስጥ ሰቀለው። የመጥረጊያውን እንጨት በመጋዝ አሳጠረው። መጽሐፍ ስይዝ ሽፋኑን እያየ «ይሄ ጠንካራው ሽፋን የግድ ነው?» አለኝ። «እርግጥ ነው፣ ያንተንም ጭንቅላት እንዲህ ሸፍኖ ነው የፈጠረህ» ብዬው መጽሐፉን ያዝኩ። እንዲህ ካለ ሰው ጋር «አንዲት ድንጋይ ብቻ» ማለት አይቻልም። ስለዚህ ዝም ብዬ አስገባሁ።

መጀመሪያ ከቺንቺላ ሜዳ ድንጋይ የሆነ እንጨት ሃያ ሁለት ኪሎ። ቀጥሎ ከኦፓልተን ሠላሳ አንድ። ከአጌት ክሪክ፣ ማርያም ትይልኝ እንጂ፣ ዘጠና ስድስት። በመጨረሻ ከማውንት ሰርፕራይዝ አሥራ ስምንት። ድምሩ መቶ ስልሳ ሰባት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ፤ የእኔም ድንጋይ ቀስ በቀስ ሄደ። ገደማ እያልኩ እንዳይመስላችሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ፖስታ ቤት መስኮት ላይ ጥቅል ስመዝን የኖርኩ ሴት ነኝ። እጄ ሚዛን ነው። ሰው ጥቅሉን ሲያቀብለኝ ገና ሳላስቀምጠው ስንት እንደሆነ እነግረው ነበር። አላወቅኩም የምልበት አፍ የለኝም።

የደበቅኩት መጨረሻው ጫፍ ላይ፣ መታጠቢያው ክፍል ውስጥ፣ ከወለሉ ሥር ባለው የአንሶላ ሳጥን ነው። ክላይቭ በአርባ አንድ ዓመት ትዳራችን አንድ ቀን አንሶላ ያለበትን ሳጥን ከፍቶ አያውቅም። እንዳይንኳኩ እያንዳንዱን በፎጣ ጠቀለልኩ። ደግሞም ለራሴ ማሳመኛ ነበረኝ። ግንቦት ላይ የመዘነን ሰውዬ «አፍንጫው መኪናው ላይ ትንሽ ተጭኗል፤ አንዳንድ ዕቃ ወደ ኋላ አድርጉ» ብሎን ነበር። ክላይቭ የመሣሪያ ሳጥኑን ወደ መሀል ገፋና ጉዳዩ አለቀ። እኔ ግን ያችን ቃል ያዝኳት። ከኋላ ሲጫን ከፊት ይቀላል፤ እንዲያውም መኪናውን እየረዳሁት ነው አልኩ። ሰው ጥፋት ሲያምረው ሊቅ ይሆናል።

ከኋላው የከበደ ተጎታች ጭራውን ይቆላል። መጀመሪያ ጥቂት ነው፤ ከቆላ በኋላ ራሱ ይረጋል። ከዊንተን ወደ ሂውንደን ስንሄድ ሦስት ተጎታች የያዘ የከብት መኪና ሲያልፈን ነው ክላይቭ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማው። መሪውን ጠበቅ አድርጎ «ንፋስ ነው» አለ። ከአጌት ክሪክ በኋላ ግን ንፋስም ሳይኖር ቆላ። መንገድ ዳር አቁሞ ወረደ፤ ማያያዣውን አየ፣ ጎማውን አየ፣ ባሌስትራውን አየ። ምንም የለም። ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሏል።

«መኪናው ደህና ነው» አለ።

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«እኔ ነኛ። እጄ ሳላዘው መሪውን እያንቀሳቀሰ ነው። የአባቴም እንዲሁ ነው የጀመረው።»

አባቱ የመንቀጥቀጥ በሽታ ነበረበት። የሞተው ስኒ እንኳ ማንሳት እንዳቃተው ነው። ክላይቭ ይህን ሲናገር በአርባ አንድ ዓመት ውስጥ ስሰማው ሁለተኛ ጊዜዬ ነበር። ያኔ «የአንሶላውን ሳጥን ክፈተው» ማለት ይበቃኝ ነበር። ሦስት ቃል ነው። እኔ ግን «ደክሞህ ነው፤ ውኃ ጠጣ» አልኩት።

ለምን አልነገርኩትም? አፈርኩ። መጀመሪያ ያፈርኩት በድንጋዩ ነበር፤ ከዚያ ደግሞ እስከዚያ ቀን ዝም በማለቴ። ዕለት ዕለት የሚነገረው ነገር እየከበደ ሄደ። ነገሩ እንደ ድንጋዩ ነው፤ በፎጣ ጠቅልዬ ከኋላ አስቀመጥኩት።

ሬቨንሹ ስንደርስ ግን ዕድል እግሬ ሥር መጥታ ነበር። ከመውረዳችን በፊት ያለው ቀን ማለት ነው። በየማረፊያው እንደሚደረገው ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሁሉም የየራሱን ወንበርና የየራሱን መጠጥ ይዞ እሳቱ ዙሪያ ተቀመጠ። እዚያ ክብ ውስጥ ሰው ስለ ዕድሜው፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ፊኛው ቀዶ ጥገና ሳይጠየቅ እውነቱን ይናገራል። ስለ ተጎታቹ ክብደት ግን ሁሉም ይዋሻል፤ ሁሉም መዋሸቱንም ሁሉም ያውቃል። ከጎናችን የሰፈረው ሜርቭ የሚባል የቪክቶሪያ ሰው ቢራውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጀመረ።

«የእኔዋ ላባ ናት። ጆይስን ሳላወርድ እንኳ ሦስት ቶን አትሞላም።»

ሚስቱ ጆይስ ከሹራቧ ቀና ሳትል «ጭንቅላቱን ጨምሮ ነው የመዘነው፤ ባዶ ዕቃ መቼ ሚዛን ያነቃንቃል» አለች። ክቡ በሳቅ አውካካ።

«ለማንኛውም» አለ ሜርቭ፣ «ነገ ጠዋት ሚዛን በመኪናዋ ይዛ የምትዞር ልጅ ትመጣለች። ጎማ ሥር ታስገባና በሩብ ሰዓት ቁርጥህን ትነግርሃለች። ክላይቭ፣ አንተስ? ያን ቁልቁለት ሳትመዘን ትወርዳለህ?»

ክላይቭ ወደ እኔ ዞረ። ተስፋ የመሰለ ነገር ፊቱ ላይ አየሁ። «ብንመዘን ምን ይመስልሻል ኖሊን? ምናልባት የሆነ ነገር...»

ሚዛኑ ላይ ከወጣን ሰው ሁሉ ባለበት፣ ሜርቭ ባለበት፣ ሳጥኑ ተከፍቶ ፎጣዎቼ ሲገለጡ ታየኝ።

«ግንቦት ላይ ተመዝነናል እኮ» አልኩ። «ከዚያ ወዲህ ምን ተጨመረ? ያንተ ቦርጭ ካልሆነ!»

ከሁሉ በላይ የሳቀው ሜርቭ ነበር። ክላይቭም ሳቀ፤ ቦርጩን መታ መታ አደረገና እጁን አየ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይሄ ነው። ደረቅ ሳቅ ስቄ፣ ቢራዬን ጨርሼ ተነሳሁ። ያን ሌሊት ክላይቭ ተነስቶ በምድጃው ትንሽ መብራት ሥር ሁለት እጁን ዘርግቶ ሲያያቸው ጀርባዬን ሰጥቼ እንደተኛ ሰው ተነፈስኩ።

ያ ነው እንግዲህ የጎማው ንፋስ ሦስት ጊዜ የተለካበት ጠዋት።

ከመነሳታችን በፊት ክላይቭ ከመሪው በስተግራ፣ በእኔ በኩል ያለችውን ትንሽ እጀታ በጣቱ ነካት። የተጎታቹን ፍሬን ብቻዋን የምትይዝ ናት።

«ስሚኝ። ጭራውን መቁላት ከጀመረ የመኪናውን ፍሬን መርገጥ አይገባም። ከረገጥኩ ከኋላ ገፍቶ ይገለብጠናል። ይህን አውቃለሁ፤ ግን ልደነግጥ እችላለሁ። ስደነግጥ እኔን እንዳትሰሚኝ። ይህቺን ግፊያት። አትንኪ እያልኩሽ እየጮህኩም ቢሆን ግፊያት።»

«አትደነግጥም።»

«ኖሊን፣ እሺ በይኝ።»

«እሺ።»

ከሬቨንሹ መውጫ ላይ ያለው ዳቦ ቤት ጋ ስንቆም እነግረዋለሁ አልኩ። ዳቦ ቤቱ ጋ ቆምን፤ ክላይቭ ሥጋ ያለበት ፓይ ገዝቶ አንዴ ገመጠና ወረቀቱ ውስጥ መልሶ ጠቀለለው። አፌን ስከፍት «ሊያን ቁልፉን ስቀበልህ አታልቅስ አለችኝ፤ አላለቅስም» አለኝ። አፌን ዘጋሁ። ሚላ ሚላ ላይ እነግረዋለሁ አልኩ። ሚላ ሚላ ላይ ጉም ወርዶ መንገዱን በልቶታል፤ ክላይቭ መሪውን በሁለት እጁ ጨምቆ ከንፈሩን ነክሷል። አሁን ብነግረው ይባሱን ይደነግጣል፣ ታች ስንደርስ ይሻላል አልኩ። ታች ስንደርስ! ታች መድረሳችንን ማን ነገረኝ?

ከሚላ ሚላ በኋላ መንገዱ ዘንበል አለ። ክላይቭ ማርሽ ቀንሶ በስድሳ፣ በሃምሳ አምስት ይወርዳል። ከኋላችን መኪኖች ተሰልፈው መብራት ያበራሉ። ዝናቡ ጀመረ። ግራው ደን ነው፣ ቀኙ ደን ነው፣ በመንገዱ ጠርዝ የብረት አጥር አለ፤ ከአጥሩ በታች ምን እንዳለ ላለማየት ዓይኔን የመስታወቱ መጥረጊያ ላይ ተከልኩ። መጥረጊያው ሲሄድ መቶ ስልሳ ሰባት፣ ሲመለስ መቶ ስልሳ ሰባት። ሌላ ነገር ማሰብ አቃተኝ። እጄን ከቦርሳዬ አውጥቼ ጉልበቴ ላይ፣ ለእጀታዋ ቅርብ አድርጌ አስቀመጥኩት።

ኩርባዎቹ አልቀው ቀጥ ያለ ቁልቁለት መጣ። ክላይቭ ለተሰለፉት አዝኖ ይሁን ደክሞት አላውቅም፣ ትንሽ ለቀቅ አደረገው። ሰባ። ሰባ አምስት። ከኋላችን የነበረ ባዶ የከብት መኪና ይህን ሲጠብቅ ኖሮ ወጣና በቀኛችን ሊያልፍ ተጠጋ። የብረቱ ጩኸት ጆሮዬን ሞላው። ግንባሩ አጠገባችን ሲደርስ ንፋሱ ገፋን፤ ሲያልፈን ደግሞ ሳበን።

ቆላ።

መጀመሪያ ወገባችንን ይዞ የሆነ ሰው ነቅነቅ ያደረገን መሰለ። ከዚያ የመኪናው ቂጥ ወደ ግራ ሄደ። በእኔ ስፖኪዮ ውስጥ ቤቴ ሙሉ በሙሉ ታየኝ፤ መስኮቱ፣ መጋረጃው። ከዚያ ጠፋና በክላይቭ በኩል ወጣ። ተመልሶ በእኔ መጣ፤ አሁን ካለፈው ይሰፋል። ክላይቭ መሪውን ሲያዞር ቤቱ ይቀድመዋል።

«አይ! አይ! አይ!» አለና ፍሬኑን ረገጠ።

ከኋላ ያ ሁሉ ጭነት ገፋን። የመኪናው አፍንጫ ወደ ብረት አጥሩ ዞረ። ዛፎቹን ፊት ለፊት አየኋቸው። ክላይቭ የሆነ ነገር ይጮሃል፤ እንዳልነካት ይሁን እንድነካት ዛሬም አላውቅም። እጀታዋን እስከ መጨረሻው ገፋኋት።

ከኋላ ጎማዎቹ ጮኹ። አንድ እጅ አንገቱን ይዞ ወደ ኋላ የሳበው ይመስል ቤቱ ተወጠረና መኪናውን ቀጥ አደረገው። አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ግማሽ ያህል። ከዚያ ረጋ። የከብት መኪናው ምንም እንዳላየ ዝናቡ ውስጥ ገብቶ ጠፋ። ክላይቭ ፍሬቻ አብርቶ፣ ምን ያደርጋል ፍሬቻው፣ ከመንገዱ ዳር ወዳለው ሰፊ ማቆሚያ አስገባን። ከኋላችን የነበሩት መኪኖች አንድ በአንድ ቀስ ብለው አለፉ፤ አንዷ ሴትዮ መስታወቷን ዝቅ አድርጋ አፏን በእጇ ይዛ አየችን።

ሞተሩ እየሠራ ነው። መጥረጊያው ይሄዳል፣ ይመለሳል። ክላይቭ ሁለት እጁን ከመሪው ላይ ማላቀቅ አቅቶት በአንዱ ሌላውን ፈልቅቆ አወጣና ፊቴ ላይ ዘረጋቸው። ይንቀጠቀጣሉ።

«አየሽ?» አለኝ። «አየሽ አይደል? ሊያን ከዚህ ከቆምንበት ትምጣና ትውሰደን። ከዚህ ወዲያ አንድ ሜትር አልነዳም። ልገድልሽ ነበር እኮ።»

ቀበቶዬን ፈታሁ።

«ክላይቭ፣ ውረድ» አልኩት።

«ዝናብ ነው።»

«ውረድ ነው የምልህ። የማሳይህ ነገር አለ።»

ከእኔ ኋላ ኋላ ወደ ቤቱ ገባ። ውስጡ የተገለበጠ ነው፤ ሳህኖች ወለል ላይ፣ ስኳር አልጋ ላይ። መታጠቢያው ክፍል ድረስ ወሰድኩት። ተንበርክኬ የሳጥኑን ክዳን አነሳሁ። አንሶላዎቹን አወጣሁ። የመጀመሪያውን ጥቅል አውጥቼ ፎጣውን ፈታሁና ወለሉ ላይ አስቀመጥኩት።

ጎንበስ ብሎ በጣቱ ነካው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ድንጋይ።»

«ድንጋይ መሆኑንማ አያለሁ። ስንት ነው?»

«አንዱ?»

«ሁሉም።»

«መቶ ስልሳ ሰባት ኪሎ።»

«መቶ ስልሳ ሰባት ገደማ?»

«ገደማ አይደለም።»

እንደ ልጅ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። እጁን ወደ ሳጥኑ ሰደደና አንድ ጥቅል አወጣ፤ ፈታው። «ይሄ የት ነው?» አለ። ቺንቺላ አልኩት። ሌላ አወጣ። ኦፓልተን አልኩት። «ከዚያ በኋላ ነው በሂውንደን መንገድ የከብት መኪናው ያለፈን» አለ። «ንፋስ ነው ብዬሽ ነበር።» አጌት ክሪክ ላይ ሲደርስ አንድ በአንድ እየፈታ ወለሉ ላይ ደረደራቸው። ለእያንዳንዱ የሚያስታውሰው ነገር ነበረው። «ያኔ ነው እራት ሳልበላ የተኛሁት።» «ያኔ ነው ለሊያን የደወልኩት።» ድምፁን አላነሳም። ቢጮህ፣ ቢሰድበኝ፣ አንዱን አንስቶ በመስኮት ቢወረውር እንዴት በተሻለኝ!

«ሬቨንሹ ላይ እንመዘን ስልሽ...» አለ።

«አውቃለሁ።»

«ቦርጭህ ነው ብለሽ ሰው ፊት ሳቅሽብኝ።»

«አውቃለሁ ክላይቭ።»

«ሌሊት እየተነሳሁ እጄን ሳይ የምትተኚ መስሎኝ ነበር።»

«አልተኛም ነበር።»

«ታዪኝ ነበር?»

«አይህ ነበር።»

ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ መናደዱ መጣ። «አባቴን እኮ ቀብሬዋለሁ» አለ፤ አሁን ጮኸ። «በማንኪያ አጉርሼ፣ ሱሪውን ቀይሬ ቀብሬዋለሁ! ሁለት ወር ሙሉ እንደሱ ልሞት ነው ብዬ ራሴን ሳዘጋጅ፣ አንቺ በፎጣ ትጠቀልያለሽ? አንቺን እንዳላስቸግር የት ሄጄ እንደምገባ እንኳ አስቤ ነበር፤ ይህን ታውቂያለሽ? ይህንንስ በእጅሽ መዘንሽው?»

ይህን አላወቅኩም ነበር። ይቅርታ አልኩት። ተነስቶ ሁለት ድንጋይ አቀፈና በዝናቡ ወጣ። ከብረት አጥሩ ሥር፣ ሣሩ ላይ አስቀመጣቸው። ተመለሰና ሁለት ወሰደ። እኔም ተነሳሁና ሁለት ያዝኩ። እየተላለፍን፣ ሳጥኑ ባዶ እስኪሆን አወጣን። የመጨረሻዋን የማውንት ሰርፕራይዟን ሳስቀምጥ አላሳሳችኝም። ድንጋይ ነበረች።

ክላይቭ በእርጥብ እጁ የመሣሪያ ሳጥኑ መጠበቁን አየ፣ ማያያዣውን አየ፣ ጎማዎቹን እየዞረ አየ። በዚህ መካከል ስልኩ ጮኸ። ሊያን ናት። አነሳው።

«ደህና ነን» አለ። «ማቆሚያ ላይ ነን። አይ፣ እዚያው ጠብቂ፤ አትምጪ።» ከዚያ የምትለውን ሰማ፤ ስለ እጁ እንደምትጠይቀው ከፊቱ አወቅኩ። አንዴ አየኝና ስልኩን ዘረጋልኝ። «እናትሽ ትነግርሻለች» አለ።

ስልኩን ያዝኩ። የሊያን ድምፅ ቀጭን ሆኗል።

«እማዬ፣ ምን ተፈጠረ? እጁ ነው አይደል? ባሰበት አይደል? እውነቱን ንገሪኝ።»

«እጁ ምንም አልሆነም» አልኩ። «ምንም ሆኖም አያውቅም። ቤቱን ጭራውን ሳስቆላው የነበርኩት እኔ ነኝ። ከኋላ ደብቄ ድንጋይ ስጭን ነበር። አባትሽ በሽታ ነው ብሎ ሲፈራ እያየሁ፣ ምክንያቱን እያወቅኩ ዝም አልኩት። የሐሙሱን ሐኪም ሰርዥው። ቁልፉንም አትቀበይውም፤ ራሱ ነድቶ ያመጣኛል።»

ክላይቭ አጠገቤ ቆሞ ሰምቶኝ ነበር። ለእሱ ብቻ ስነግረው ተቆጥቶ ነበር፤ ለልጁ ስነግርለት ግን ቁጣው ለቀቀው። ቤቱ ደጃፍ ካለችው መወጣጫ ላይ ተቀመጠና፣ እጆቹን ዝናቡ ላይ እንደዘረጋ፣ በአርባ አንድ ዓመት ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ አለቀሰ።

ሄጄ ላቅፈው ፈለግኩ። ሊያን ግን በስልኩ «ለምን እማዬ? ለምን?» እያለች ትጠይቀኝ ነበር፤ መልስ ሳልሰጣት ስልኩን መዝጋት አልቻልኩም።